የውሃ ዳር ተክል የቤት አጥር ነው

ብልኅ ባለቤት ቤቱን የሚጠብቀው በቅጥሩ ብቻ አይደለም፤ በማሳው ግርጌ በሚወርደው ወንዝ ዳር ባቆመው ተክል ጭምር ነው እንጂ። በቆሰበርና በአካባቢው ላሉት ቤተሰቦች ይህ ተክል ቀርከሃ ነው። ከግንዱ ወንበርና ቅርጫት ይሠራል፤ ከሽያጩም የልጆች ደብተር ይገዛል። ትልቁ ሥራው ግን ከመሬት በታች የተሰወረ ነው፤ ይኸውም ሥሩ ወደ ጎን እየተሳበ እርስ በርሱ ስለሚጠላለፍ ጎርፍ አፈሩን እንዳይወስደው እንደ መረብ ይይዘዋል።

ሥር መሬትን እንዴት እንደሚጠብቅ ከባሕር ዳር ሰዎችም እንማራለን። በሞቃት አገሮች ባሕር ዳርቻ፥ በምፅዋም አጠገብ፥ ማንግሮቭ የሚባል ዛፍ በጨው ውሃ ውስጥ ይበቅላል። ሥሩና ግንዱ የማዕበሉን ኃይል ይሰብራሉ፤ 100 ሜትር ስፋት ያለው ደን የማዕበሉን ቁመት ከ13 እስከ 66 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ሊቃውንት መርምረው አግኝተዋል። ዳግመኛም ዓለምን የሚያሞቀውን ካርቦን በጭቃው ውስጥ ቀብሮ ያኖራል። ደኑ በተመነጠረበት ስፍራ ግን ባሕሩ መሬቱን ይበላል።

የኛ ማዕበል የክረምት ጎርፍ ነው። የዓለም ሙቀት ሲጨምር ከባድ ዝናብ እየበረታ ይኼዳል። ከአዊ ማሳዎች የታጠበ አፈር በገባሮቹ ወንዞች ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ለልጆች እንጀራ ሊኾን የሚገባው፥ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ለተመረቀው ለሕዳሴው ግድብ ደለል ይኾናል።

የመሬት ጥበት ያስጨነቀው አባወራ የወንዙን ዳር ቀርከሃ ነቅሎ ድንች ሊተክል ቢያስብ አንፈርድበትም፤ ችግሩ እውነተኛ ነውና። ነገር ግን የድንቹ ትርፍ ለአንድ ዓመት ሲኾን ተንዶ የኼደው ዳር ለልጅ ልጅም አይመለስም።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው፤ ግንዱን ቍረጡ፥ ሥሩን ግን አትንቀሉ። ሦስት ዓመት ያልሞላውን ግንድ ለእናቱ ተዉላት። በክረምት የሚወጣውን ለጋ ቡቃያ ከከብት ጠብቁ። በየዓመቱ በበቀለው ላይ ልጆቻችሁ ምልክት ያድርጉበት፤ የሚቈረጠውን ከሚቈየው ለይተው ሲያውቁ፥ እናንተ የጠበቃችሁትን ዳር እነርሱም ይጠብቁታል።