የዝግጅት ጨዋታ ውጤት አያታልለን

የአሜሪካ ፉትቦል የምትከታተሉ ወዳጆች፣ ቡድናችሁ በዝግጅት ጨዋታ ሲያሸንፍ ቶሎ አትጨፍሩ። ዲትሮይት ላየንስ እ.ኤ.አ. በ2008 አራቱንም የዝግጅት ጨዋታዎች አሸነፈ፤ ዋናው ውድድር ሲጀመር ግን 16ቱንም ተሸነፈ። በ2017 ክሊቭላንድ ብራውንስም ያንኑ ደገመው።

ታዲያ ምን እንይ? እኔ የሲያትል ደጋፊ ነኝ፤ የማየው ጨዋታውን የሚመራውን የኳርተርባክ ቦታ ፉክክር ነው። በ2012 ሲሆክስ ማት ፍሊንን በብዙ ገንዘብ አስፈርሞ ነበር። አሰልጣኝ ፒት ካሮል ግን ቦታውን የሰጠው ለአዲሱ ልጅ ለራስል ዊልሰን ነው። ቁመቱ አጭር ነው ተብሎ፣ ከኮሌጅ ተጫዋቾች 75ኛ ሆኖ የተመረጠ ልጅ! በቀጣዩ የውድድር ዘመን ዴንቨርን 43 ለ 8 ረትተን የሱፐር ቦውል ዋንጫ በላን።

ስለዚህ ደሞዝና ስም ሳይሆን ሜዳው ይፍረድ። የነሐሴ ውጤት ይረሳል፤ የተመረጠው ኳርተርባክ ግን ዓመቱን ሙሉ ያስቀናናል ወይም ያቃጥለናል። እናንተስ?