ሰርቨሩ አማርኛ ካላወቀ ሂሳቡ ይሳሳታል

የግራና ሽንኩርት ለገበያ ሲወጣ የሻጩ ስም፣ ኩንታሉና ዋጋው በዕለቱ መመዝገብ አለበት። አንድ ነጋዴ መዝገቡን አዲስ አበባ ባለ ሰርቨር ላይ አደረገ እንበል። መርሳ ያለው ሠራተኛው በሪሞት ዴስክቶፕ ገብቶ ይጽፋል። ይሁንና ፊቱ ባለው ኮምፒዩተር አማርኛ የሚጽፈው ኪቦርድ ሰርቨሩ ላይ ሲደርስ የላቲን ፊደል ብቻ ያወጣል። ሠራተኛውም «ሙሐመድ»ን ዛሬ በአንድ፣ ነገ በሌላ የላቲን አጻጻፍ ይመዘግባል። በዚህ ዓይነት አንዱ ባለዕዳ ሁለት ሰው ይሆናል፤ ዕዳውም ለሁለት ይከፈላል።

ምክንያቱ ስውር አይደለም። በሪሞት ዴስክቶፕ አብዛኛውን ጊዜ የሚላከው ፊደሉ ሳይሆን የተመታው ቁልፍ ቁጥር ነው። ቁጥሩን ወደ ፊደል የሚለውጠው ሰርቨሩ ነው። ስለዚህ የአማርኛው ኪቦርድ፣ ኪማንም ቢሆን፣ መጫን ያለበት እዚያው ሰርቨሩ ላይ ነው። ቋንቋ የሚቀይሩት ቁልፎች ደግሞ ወደ ሰርቨሩ እንዲያልፉ በግንኙነቱ ማስተካከያ ላይ መመረጥ አለባቸው። አለበለዚያ የሚቀየረው የመርሳው ኮምፒዩተር ቋንቋ ብቻ ሊሆን ይችላል።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ ነበር። ስለዚህ ሲስተም ሻጩ «አማርኛ ያስቸግራል» ቢል ሰበብ ነው፤ ሠራተኛውን መውቀስም አይገባም።

ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ያቸግራልና፣ ነጋዴው የመጨረሻውን ክፍያ መልቀቅ ያለበት የደንበኛ ስም ከመርሳ በአማርኛ ተጽፎ፣ ተፈልጎና ታትሞ ካየ በኋላ ነው።