ወርቁ ኋላ የመጣ ዘፈን

ቅኔ የለመደ ጆሮ የፍቅር ዘፈን በሰማ ቁጥር ወርቁን ፍለጋ መግባቱ አይቀርም። የተናፈቀችው ሴት ናት ወይስ አገር? ፈረንሳዮች «ለ ታን ዴ ሰሪዝ» የሚሉት፣ እኛ «የቼሪ ወራት» ልንለው የምንችለው ዘፈን ግን እንዲህ ያለውን ፈላጊ ባዶ እጁን ይመልሰዋል።

ግጥሙን እ.አ.አ. በ1866 የጻፈው ዣን ባቲስት ክሌማን ነው፤ በ1868 አንትዋን ረናር የተባለ የኦፔራ ዘፋኝ ዜማ አበጀለት። ቼሪ ሲበስል ወፎች ይንጫጫሉ፣ ፍቅረኞች እንደ ጉትቻ የተንጠለጠለውን ፍሬ ይለቅማሉ። ወራቱ አጭር ነው፤ የፍቅርን ሕመም የሚፈራ ወደ ቆንጆ አይጠጋ። ዘፋኙ ግን ቁስሉን እንደያዘ ወራቱን ይወደዋል። ባንዲራ የለ፣ ጠመንጃ የለ።

ጠመንጃው የመጣው በ1871 ነው። ፓሪስ በመንግሥት ላይ ተነሥታ ኮምዩን የተባለውን የራሷን አስተዳደር አቋቋመች፤ ክሌማንም ከሞንማርትር ተመርጦ ምክር ቤት ገባ። ከ72 ቀን በኋላ፣ ቼሪ መቅላት በሚጀምርበት በሜይ ወር መጨረሻ፣ ቬርሳይ የከተመው የመንግሥት ጦር ሺዎችን ፈጅቶ ነገሩን ዘጋው። ከዚያ ወዲያ አጭሩ ወራት ኮምዩኑ፣ ቀዩ ፍሬ ደሙ ሆነ። ባለቅኔው ያላስቀመጠውን ወርቅ አድማጩ አስቀመጠው።

ክሌማንም አጸደቀው። ለንደን ተሰዶ፣ በሌለበት ሞት ተፈርዶበት፣ በምሕረት ከተመለሰ በኋላ በ1885 ባሳተመው መድበል ዘፈኑን ለሉዊዝ አበረከተ። ሉዊዝ በመጨረሻው ቀን፣ ሜይ 28፣ በፎንቴን ኦ ርዋ ጎዳና ወደነበረው ምሽግ ቅርጫት ይዛ የመጣች ልጅ ናት። ሂጂ ቢሏት እምቢ ብላ ቁስለኛ አስታመመች። ክሌማን ከስሟና ከሠራተኛ ወገን ከመሆኗ በቀር ብዙም አያውቃትም፤ መጨረሻዋንም አልሰማም። ግጥሙ ለእሷ የተጻፈ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ እኔ አልፈርድበትም።

የምቃወመው ዘፈኑን እንደ መፈክር የሚጮኹትን ነው። ለቁጣ ከሆነ፣ ክሌማን ስለ እልቂቱ በግልጽ የጻፈው «ላ ሰሜን ሳንግላንት» (ደም የፈሰሰበት ሳምንት) አለላቸው። ሕዝቡ ለሐዘኑ የመረጠው ግን ቼሪውን ነው። የቀድሞው የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ሚተራን በ1996 ሲሞቱ የኦፔራ ዘፋኟ ባርባራ ሄንድሪክስ ባስቲል አደባባይ ላይ የዘፈነችውም ይህንኑ ነበር።

አንባቢዬ፣ ዘፋኙ ኢቭ ሞንታን የተጫወተውን ፈልገህ ስማ። በመጀመሪያው ጊዜ ምሽጉን እርሳው፤ ፍቅሩን ብቻ ስማ።