እማዬ፣ ያንቺ ልደት መቼ ነው?

ትምህርቴ እስከ 3ኛ ክፍል ብቻ ስለሆነ ስሕተት ቢኖርበት ይቅርታ አድርጉልኝ።

ትንሿ ልጄ 6 ዓመት ሞላት። ጎንደር ጤና ጣቢያ ስለተወለደች ወረቀት አላት፤ የካቲት 5 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በዚህ አገር አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2019 ማለት ነው። በጋን የአበባ አክሊል አደረጉላት። ወንበር ላይ አስቀምጠው 6 ጊዜ ወደ ላይ አነሷት፤ ለሚመጣው ዓመት ብለው ደግሞ አንድ ጨመሩላት። ቤት ስትገባ አክሊሉን ሳታወልቅ «እማዬ፣ ያንቺ ልደት መቼ ነው?» አለችኝ።

ዝም አልኩ። መታወቂያዬ ላይ ጃንዋሪ 1 ይላል። የባለቤቴም ጃንዋሪ 1 ነው፤ የእናቴም እንደዚሁ። እዚህ ስንቶቻችን ነን ጃንዋሪ 1 የተወለድን? እውነት ቢሆን ኖሮ በዚያ ቀን የጎንደር አዋላጅ ሁሉ አትዳረስም ነበር!

እኛ አገር ደስታው ሲወለድ ነው፦ እልልታው፣ ገንፎው፣ ለወንድ በ8ኛው ቀን ግርዛቱ። የድሮ እናቶቻችን በኦሪት ሕግ ወንድ ሲወልዱ 40፣ ሴት ሲወልዱ 80 ቀን በአራስ ጎጆ ይቆዩ ነበር። ከዚያ ወዲያ ዓመት እየቆጠረ ድግስ የሚደግስ የለም። እዚህ ግን በየዓመቱ ነው፤ ሴት 12፣ ወንድ 13 ሲሞላቸውማ አዳራሽ ይከራያሉ።

አንዳንዱ «የፈረንጅ ነገር ነው» ብሎ ይተወዋል። አንዳንዱ ከጎረቤት ላለማነስ ይበደራል። እኔ በሁለቱም አልስማማም። ልጅ ከጓደኞቹ ማነስ የለበትም፤ ግን ቤት የተጋገረ ዳቦና ሻማ ይበቃል። የጎደለን ሌላ ነው።

ያን ማታ እናቴን ጠየቅኋት። «በ77 ድርቅ፣ አባትሽ በሬውን በሸጠ ሳምንት፣ ለቅዳሜ አጥቢያ ነው የተወለድሽ። ወተት አልነበረኝም፤ ጎረቤት ነች ያጠባችሽ» አለችኝ። 40 ዓመት ሙሉ ይህን አልሰማሁም። እኔም አልጠየቅኋት።

ስለዚህ እንዲህ እላለሁ። ዳቦው ከመቆረሱ በፊት ልጃችን የተወለደበትን ቀን እንንገረው፤ ማን አዋለደ፣ ማን እልል አለ፣ ስሙን ማን አወጣለት። የራሳችንንም እናቶቻችን በሕይወት ሳሉ እንጠይቅ፤ ልጆቹም በደብተራቸው ይጻፉት። ጃንዋሪ 1 ለቢሮ ይሁን።

እዚህ አገር ሰው ሲመረቅ እንደ ሙሴ «እስከ 120» ይባላል። እናንተንም እስከ 120 ያድርሳችሁ። እናቶቻችሁን ግን ዛሬ ማታ ጠይቁ።

ከኡልፓን ተማሪዎች አንዷ፣ አሽቀሎን