የኩላሊት ሕመምተኛ ሲጠይቁ ምን ፍሬ ይዘው ይሄዳሉ?

ከመሥሪያ ቤት ወይም ከትምህርት ቤት ጓደኞችዎ አንዱ ኩላሊቱን ታሞ ተኝቷል እንበል። እንደ ወጉ ገንዘብ ይዋጣል፤ አንድ ሰው ወደ ፍራፍሬ ቤት ይላክና ሙዝና ብርቱካን፣ አለዚያም አንድ ትልቅ ብርጭቆ ስፕሪስ ይዞ ይመጣል። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ሕመሙ ሥር የሰደደ ከሆነ ያ ስጦታ በሽተኛውን ሊጎዳው ይችላል።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። በፍራፍሬ ሁሉ ውስጥ ፖታስየም የሚባል ማዕድን አለ። ለጡንቻና ለልብ ሥራ እጅግ አስፈላጊ ነው፤ የተረፈውንም ጤነኛ ኩላሊት በሽንት ያስወጣዋል። የደከመ ኩላሊት ግን ይህን ማድረግ ስለሚሳነው ማዕድኑ በደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሲበዛም የልብን ምት ያዛባል፣ እስከ ማቆምም ያደርሳል። ከሁሉ የሚያስፈራው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ምልክት አለማሳየቱ ነው።

እንግዲህ ፍሬዎቹን በሚዛን እንያቸው። በ100 ግራም አቮካዶ ውስጥ 485 ሚሊግራም ያህል ፖታስየም ይገኛል፤ በዘይቱን 417፣ በሙዝ 358። ተምር ውሃው ስለ ደረቀ ከ650 ይበልጣል። ብርቱካን፣ ማንጎና ፓፓያ ከ170 እስከ 180 ገደማ ሲሆኑ አናናስና ፖም ከ110 አያልፉም።

ሆኖም መጠኑም መታየት አለበት። አንድ ብርቱካን ልጦ መብላት ሌላ፣ ሦስት አራቱን ጨምቆ በአንድ ትንፋሽ መጨለጥ ሌላ ነው። ሐብሐብም ቢሆን ፖታስየሙ አነስተኛ ነው ተብሎ ግማሹ ከተበላ ሒሳቡ ይፈርሳል፤ ውሃ እንዲቀንስ ለታዘዘ ሰውማ ይብሱን አይሆንም። አቮካዶ፣ ማንጎና ፓፓያ የተደራረቡበት ስፕሪስ ለዚህ በሽተኛ ፈጽሞ የሚታሰብ አይደለም።

ይህን ሲያነቡ ግን ኩላሊቴን ያለውን ሁሉ ፍራፍሬ እንዳይከለክሉት። ሕመሙ ገና በጀማሪነቱ ያለና የደሙ ፖታስየም ልከኛ የሆነ ሰው ሙዙንም ሊበላ ይችላል፤ እንዲያውም ከብስኩትና ከለስላሳ ይሻለዋል። የሚወስነው የደም ምርመራው ነው። ለደም ግፊት የሚሰጠው ኢናላፕሪል፣ እንዲሁም ስፓይሮኖላክቶን ፖታስየምን ከፍ ስለሚያደርጉ፣ እነዚህን የሚወስድ ሕመምተኛ ምርመራውን ማስታጎል አይገባውም፤ በገዛ ፈቃዱም መድኃኒቱን አያቋርጥ።

ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት አስታማሚውን «ሐኪሙ የከለከለው ፍሬ አለ ወይ?» ብለው ይጠይቁ። መጠየቅ ካልተመቸ ሁለት ፖም ይበቃል። የጨንጫ ደጋ ፖም እያበቀለልን እንኳ ዋጋው ለትንሽ ደመወዝተኛ ከባድ ነው ቢሉኝ አልከራከርም። እንዲህ ከሆነ አንድ አናናስ ይግዙ፤ ለበሽተኛው ሁለት ቁራጭ ያህል ይሰጠውና የቀረውን ጠያቂዎቹ ይካፈሉታል።