የላፕቶፑን ሊብሬ አሳዩን!

አባቶቻችን ያገለገለ መኪና ሲገዙ የማይዘሉት ነገር አለ። ኮፈኑን አስከፍተው የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያመሳክራሉ፤ ሻጩ የሥጋ ዘመድ ቢሆንም እንኳ! እኛ ልጆቻቸው ግን ያገለገለ ላፕቶፕ ስንገዛ ስክሪኑ መብራቱን አይተን፣ «ንጹሕ ዕቃ ነው» መባሉን ሰምተን ብሩን ቆጥረን እንሰጣለን።

ሰሞኑን አንድ ጓደኛችን እንዲሁ አደረገ። እንጦጦ፣ ቤቱ ተሰብስበን ቡና እየጠጣን ዕቃውን ልንመርቅለት ነበር። «የሦስት ዓመት ነው» ተብሎ ነው የገዛው። ከመካከላችን አንዱ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቶ አንድ ቃል ጻፈ። ማሽኑም ያለ ሐፍረት ተናዘዘ፤ ሞዴሉ ሻጩ የነገረው አይደለም፣ የባዮሱ ቀን ደግሞ 2013 እ.ኤ.አ. ይላል። ብሩ የእናቱ ዕቁብ ነበር። ምርቃቱ እዚያው ቀረ።

ፈርምዌር (ባዮስ የምንለው) ዊንዶውስም ሆነ ሊኑክስ ከመነሳቱ በፊት የሚነቃ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ የተቀመጠ ፕሮግራም ነው። ሃርድ ዲስኩ ቢቀየር፣ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ቢጫን እሱ ከቦታው አይነቃነቅም። ለዚህ ነው ሊብሬ ያልነው።

ማየቱ ደግሞ ኢንተርኔትም ብርም አይጠይቅም። ዊንዶውስ ላይ «ሲኤምዲ» ከፍታችሁ «ሲስተምኢንፎ» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል አያይዛችሁ ጻፉ። አምራቹን፣ ሞዴሉን፣ የባዮሱን ቁጥርና ቀን፣ የራሙን መጠን ይዘረዝራል። ሊኑክስ ላይ «ሱዶ ዲኤምአይዲኮድ» ከዚህም አልፎ ሲሪያል ቁጥሩን ያወጣል፤ ከሆዱ ሥር ከተለጠፈው ጋር አመሳክሩት። አንዳንዴ ማሽኑ በፊት የየትኛው መሥሪያ ቤት ንብረት እንደነበር የሚናገር መለያም ይገኛል።

እውነቱን ለመናገር ይህም ወንጌል አይደለም። ባዮሱ ታድሶ ከሆነ ቀኑ ከማሽኑ ዕድሜ ያነሰ ያስመስላል። መስኩን ባዶ የሚተዉ ወይም የተሳሳተ ነገር የሚሞሉ ፋብሪካዎችም አሉ። የዲኤምአይዲኮድ መመሪያ ራሱ በጭፍን አትመኑኝ ይላል። ስለዚህ ሞዴሉን፣ ቀኑንና ፕሮሰሰሩን አንድ ላይ እዩ።

«ከሠራ ምን ቸገረን?» የምትሉ ትኖራላችሁ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 ይጠይቃል፤ ኢንቴል ከሆነም በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያለውን አይቀበልም። ዕድሜውን ሳያውቅ የገዛ ሰው የደኅንነት ማሻሻያ የማያገኝ ዕቃ ታቅፎ ሊቀር ይችላል።

ሻጩ ሁሉ አታላይ ነው አላልንም፤ ራሱም ሳያውቅ የሚሸጥ ሞልቷል። እኛ የምንለው ጥቁሩ መስኮት ብር ከመቆጠሩ በፊት፣ በገዢው ፊት ይከፈት ነው። «አይሆንም» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ መልሱን አግኝታችኋል።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተወነጨፈችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት መረጃዋን የምትልክበት ጣቢያ የተተከለው እዚሁ እንጦጦ ላይ ነበር። ከሕዋ የሚመጣውን ለመስማት ያን ያህል የደከምን ሰዎች ጭናችን ላይ ያለውን አንድ ደቂቃ ብንጠይቀው ምን ይለናል?

ጓደኛችን ለሻጩ እየደወለ ነው። እስካሁን አልተነሳም።