ከመጻሕፍት መደርደሪያ፤ ምን እንጠይቅ ለምትሉ ሦስት አዳዲስ መጻሕፍት

በየቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ከሚቀመጠው ሰው ብዛት መጽሐፍ ጠይቆ የሚያነበው ጥቂት ነው። አብዛኛው የገዛ ደብተሩን ይዞ ይገባል፤ የገዛ ደብተሩንም አጥንቶ ይወጣል። ይህ አያስነቅፍም፤ ፈተና የደረሰበት ተማሪ ጸጥ ያለ ጠረጴዛና ብርሃን ካገኘ ትልቅ ነገር አግኝቷል። ነገር ግን ፈተናው ያልፋል። የመሥሪያ ቤቱም ጸሐፊ ከሥራ በኋላ ጎራ ሲል «ምን ልጠይቅ?» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ዛሬ ልብ ወለዱን ለሌላ ጊዜ ትተን፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከታተሙት የታሪክና የእውቀት መጻሕፍት ሦስቱን መርጠን አቅርበንላችኋል።

ሦስቱም የሚናገሩት ስለ አገራችን ነው፤ ሦስቱም የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ዋጋቸውም የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች የሚችሉት ዋጋ ስለ ሆነ፣ ከወር ደመወዝ ላይ ተቀንሶ የሚገዛ አይደለም። ቤተ መጻሕፍትም የሚያስፈልገው እንዲህ ላለው መጽሐፍ ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ቬሬና ክሬብስ የተባሉት ጀርመናዊት የታሪክ ምሁር በ2021 ያሳተሙት ነው። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የመካከለኛው ዘመን የኢትዮጵያ ንግሥና፣ የእጅ ጥበብና ከላቲን አውሮፓ ጋራ የነበረው የመልእክተኞች ግንኙነት» እንደ ማለት ነው። ርእሱ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፤ ፍሬ ነገሩ ግን ለማንም የሚገባ ነው።

የቀድሞ ነገሥታቶቻችን ወደ አውሮፓ መልእክተኛ የላኩት ለምንድን ነው? ብዙ መጻሕፍት የሚሰጡት መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም የጦር መሣሪያና የጦር ጓደኛ ፍለጋ ነው የሚል ነው። በዚህ አነጋገር አውሮፓ ባለጸጋ ሰጪ፣ ኢትዮጵያ ደግሞ የጨነቃት ጠያቂ ሆና ትታያለች። ክሬብስ ግን ደብዳቤዎቹንና መዛግብቱን እንደ ገና አገላብጠው፣ መልእክተኞቹ በእርግጥ የጠየቁት ምን ነበር ብለው ይነሣሉ። በ1402 የዐፄ ዳዊት መልእክተኛ ሆኖ ቬኒስ የደረሰው አንቶኒዮ ባርቶሊ የሚባል የፍሎሬንስ ሰው ነበር፤ ከያዘውም ገጸ በረከት ውስጥ ነብሮች ነበሩበት። ነብር በመርከብ ጭኖ ባሕር የተሻገረ መልእክተኛ፣ ከንጉሡ ዘንድ የመጣው ለልመና ብቻ እንዳልነበረ መገመት አያስቸግርም።

ከዚያ በኋላ ዐፄ ይስሐቅ ወደ አራጎን ንጉሥ ወደ አልፎንሶ ልከው ባለ እጆች እንዲሰጧቸው ጠይቀው ነበር። ንጉሥ አልፎንሶም በ1450 ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በጻፉት ደብዳቤ፣ ቀድሞ የተላኩት 13 ባለ እጆች መንገዱን ማለፍ ተስኗቸው እንደ ሞቱ ይገልጻሉ። መንገዱ በግብፅ ሱልጣኖች ግዛት ላይ የሚያልፍ ነበርና እንደ ልብ የሚኬድበት አልነበረም። በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ አንድ መስመር የምትሆን ነገር ናት፤ ነገር ግን ቆም ብላችሁ አስቡት። አንድ ንጉሥ ከዚህ ሆኖ የእጅ ጥበብ የሚያውቅ ሰው ይጠይቃል፤ ከዚያ ማዶ 13 ሰዎች ተነሥተው ይመጣሉ፤ አንዳቸውም አይደርሱም፤ ይህም ወሬ በደብዳቤ የሚጻፈው ሌላ ንጉሥ ነግሦ ነው።

የክሬብስ ማጠቃለያ እንዲህ ነው። ነገሥታቱ በብዛት የፈለጉት ንዋያተ ቅድሳት፣ ልብሰ ተክህኖና ባለ እጅ ነበር፤ የፈለጉትም ትልልቅ አብያተ ክርስቲያናትን አሠርተው ለማስጌጥ ነው። የሰሎሞን ዘር ነን የሚሉ ነገሥታት እንደ ሰሎሞን ለማድረግ ፈለጉ ማለት ነው። ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲሠራ ከጢሮስ ንጉሥ ከኪራም ዘንድ ባለ እጅ ማስመጣቱን ከመጽሐፈ ነገሥት የማያስታውስ አንባቢ የለም። እንግዲህ ነገሩ በዚህ ዓይን ሲታይ፣ መልእክተኛ መላክ የድኅነት ሳይሆን የክብር ሥራ ሆኖ ይገኛል።

እዚህ ላይ ግን ቸኩላችሁ እንዳትስማሙ እንለምናችኋለን። ሐሳቡ የሚያኮራ ስለ ሆነ ብቻ እውነት ነው አይባልም። ዐፄ ልብነ ድንግል ወደ ፖርቱጋል በጻፉት ደብዳቤ ከወርቅና ከብር ሠሪው፣ ከግንበኛውና ከሐኪሙ ጋራ የጦር መሣሪያ ሠሪም እንዲላክላቸው መጠየቃቸው የታወቀ ነው። ታዲያ ፍላጎቱ የተለወጠው መቼ ነው? ወይስ ሁለቱም ፍላጎት ከመጀመሪያው አብሮ ነበር? ይህን ጥያቄ በወረቀት ጽፋችሁ ከመጽሐፉ ጋራ ያዙት። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ የታደሠ ታምራትን በ1972 በኦክስፎርድ የታተመውን «ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት በኢትዮጵያ» የተባለውን መጽሐፍ አብራችሁ ጠይቁ። ከ1270 እስከ 1527 ያለውን ዘመን የሚመለከት፣ እስከ ዛሬም ያልተተወ መጽሐፍ ነው። አዲስ የታሪክ መጽሐፍ ከሞላ ጎደል ከአሮጌ መጽሐፍ ጋራ የሚደረግ ክርክር ነው፤ የአንዱን ወገን ብቻ የሰማ ዳኛ ደግሞ ምን ዓይነት ፍርድ እንደሚሰጥ ታውቃላችሁ።

ሁለተኛው በ2024 የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ያወጣው የሳማንታ ኬሊ መጽሐፍ ነው። ርእሱም «ሃይማኖትን መተርጐም፤ በህዳሴ ዘመን በሮማ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች» እንደ ማለት ነው። ከሦስቱ አንዱን ብቻ ለማንበብ ጊዜ ያለው ሰው ይህን እንዲመርጥ እንመክራለን፤ ምክንያቱም የሰው ታሪክ ይበዛበታል።

በሮማ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተ ጀርባ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ በ16ኛው መቶ ዓመት በዚያ የኢትዮጵያ መነኮሳት ይኖሩ ነበር። ዛሬ ይህን ዓምድ የምታነቡበት ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ የታተመው በዚያች ከተማ ነው፤ ይኸውም ዮሐንስ ፖትከን የተባለው ጀርመናዊ በ1513 ያሳተመው የግዕዝ መዝሙረ ዳዊት ነው። ፖትከን ግዕዝን የተማረው በዚያው በሮማ ከሚገኝ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ነበር። ከእርሱ በኋላ የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን በአገሩ ጦርነት በነበረበት ጊዜ ወደዚያ ደርሶ፣ ከጓደኞቹ ጋራ ሆኖ በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተመ። አታሚዎቹ ግዕዝ አያነቡም፤ መነኮሳቱም የማተም ሥራ አያውቁም፤ በዚህ ሁኔታ እንዲያ ያለ ትልቅ መጽሐፍ ማውጣት ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ ማተሚያ ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል። ማሪያኖ ቪቶሪ በ1552 ያሳተመው የግዕዝ ሰዋስው እንኳ ከተስፋ ጽዮን ትምህርት የተገኘ ነው።

የቆዩት የአውሮፓ መጻሕፍት ስለ እነዚህ መነኮሳት የሚናገሩት እግረ መንገዳቸውን ነበር፤ ሊቁ አውሮፓዊው፣ ነጋሪው ኢትዮጵያዊው ሆኖ ይቀርባል። ኬሊ ግን መነኮሳቱን ራሳቸውን የመጽሐፉ ባለቤቶች ያደርጓቸዋል። ይህ ትንሽ ለውጥ አይደለም። የአስተማሪው ስም ከተማሪው ስም በታች ተጽፎ ሲኖር አራት መቶ ዓመት አልፎ ነበርና።

ሦስተኛው ክርክር ያለበት ነው። በ2023 ራልፍ ሊ፣ መሐሪ ወርቁና ዌንዲ ላውራ ቤልቸር የዘርዐ ያዕቆብንና የወልደ ሕይወትን ሐተታ አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም አውጥተዋል። (ይህ ዘርዐ ያዕቆብ የአክሱም ተወላጅ የተባለው ፈላስፋ ነው እንጂ ንጉሡ አይደለም።) ሐተታው ሰው በልቡናው መርምሮ እውነትን መለየት እንደሚችል የሚያስተምር ሲሆን፣ የ17ኛው መቶ ዓመት ሥራ ነው ይባላል። በ19ኛው መቶ ዓመት የጽሑፉን ቅጂ ወደ ፓሪስ የላከው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለው የጣሊያን ካፑቺን መነኩሴ ነበር። በዚህም ምክንያት ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ደራሲው ራሱ ጁስቶ ነው ብሎ ጻፈ፤ ክላውድ ሰምነር ደግሞ በአዲስ አበባ ሆኖ ለኢትዮጵያዊነቱ ተከራከረ። ነገሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም።

በእኛ አስተያየት የትርጉሙን መግቢያ ለኋላ አቆይቶ አስቀድሞ ሐተታውን ማንበብ ይሻላል፤ አለዚያ መጽሐፉን ሳይሆን ክርክሩን ታነባላችሁ። ቅኔ ቤት የዋለ አንባቢ ካለ ደግሞ ለእርሱ የተለየ አደራ አለን። ኤኖ ሊትማን በ1904 የግዕዙን ንባብ አሳትሞታል። ከክርክሩ ግማሹ የቋንቋ ክርክር ነው፤ ይህ አነጋገር ከአፈ ልደቱ የግዕዝ ሊቅ ነው ወይስ ከለመደው የባዕድ ሰው? ይህን በጆሮው መመዘን የሚችለው ሰው ያለው በእኛው አገር ሳለ፣ ፍርዱን የሚጽፉት በአብዛኛው ፓሪስና አሜሪካ ተቀምጠው ነው።

እንግሊዝኛው ይከብደናል ለምትሉ አንድ ዘዴ አለ። ከገጽ አንድ አትጀምሩ። ማውጫውን፣ ቀጥሎም መግቢያውን አንብቡ፤ ከዚያ በመጽሐፉ መጨረሻ ካለው የስሞች ዝርዝር የምታውቁትን ሰው ወይም ቦታ ፈልጋችሁ ወደዚያ ገጽ ሂዱ። የሚያውቁትን ነገር በባዕድ ቋንቋ ማንበብ የማያውቁትን ከማንበብ ይቀልላል።

በአዲስ አበባ ያላችሁ ሦስት ቦታ ጠይቁ፤ በ1944 የተቋቋመውን ወመዘክርን፣ በስድስት ኪሎ ገነተ ልዑል የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት፣ በ2022 መጀመሪያ በአራት ኪሎ የተከፈተውንም አብርሆትን። በክፍለ ሀገር ያላችሁ ደግሞ በቅርብ የሚገኘውን የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ። መጽሐፉ ካልተገኘ «የለም» የሚለውን መልስ ይዛችሁ አትመለሱ፤ የደራሲውን ስም፣ ርእሱን፣ አሳታሚውንና ዓመቱን በግልጽ ጽፋችሁ እንዲገዛ አመልክቱ። ኃላፊው «ይህን ደግሞ ማን ያነበዋል?» ቢሏችሁ፣ በጠረጴዛው ዙሪያ ደብተራቸውን ከሚያጠኑት ጓደኞቻችሁ ሁለቱን ጨምራችሁ አስፈርሙ።